የወሎ ተራሮችና አራዊት በፎቶግራፍ ታሪክ

በደሴ ከተማ ሰኞ ገበያ ከሚባለው ስፍራ ቆሞ ዓይኑን ቀና ያደረገ ሰው የሚያየው የጦሳን ተራራ ነው። ደሴ በጦሳ ግርጌ የተቈረቈረች፥ የደጋውና የቈላው ሕዝብ የሚገበያይባት ከተማ ስለ ሆነች፥ ወደ ገበያዋ የሚወጣው እህል ራሱ የአገሩን ከፍታና ዝቅታ ይናገራል፤ ገብሱ ከውርጭ፥ ማሽላው ከቈላ ይመጣል። ከደሴ ተነሥቶ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ መንገደኛ ደግሞ በ25 ኪሎ ሜትር ያህል ጕዞ ውስጥ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ በአጠገቡም የየጎፍ ተራራ የጽድ ደኑን ለብሶ ይታየዋል። በዚህ መንገድ የሚያልፍ ሰው ዛሬ መኪናውን አስቁሞ በእጅ ስልኩ ተራራውን ፎቶግራፍ ያነሣል፤ የሚያነሣውም አገሩ ስላማረው ነው።

ነገር ግን የወሎ ተራሮች በፎቶግራፍ መሣሪያ ፊት መጀመሪያ የቆሙት ለውበታቸው ተብሎ አልነበረም። አንድ ጊዜ ለጦርነት፥ አንድ ጊዜ ለእርሻ ምርመራ፥ ሌላ ጊዜም ለረኃብ ምስክርነት ተብሎ ነው። መሣሪያውን የያዘው ሰው ሁሉ የመጣበትን ጉዳይ እያየ ሌላውን ሳያይ አልፏል። ስለዚህም ሥዕሎቹ በተሰበሰቡ ጊዜ አንድ ከባድ ክርክር አስነሥተዋል፤ ይኸውም የወሎ ምድር ጥንት በደን የተሸፈነ ሆኖ ሳለ በገበሬው እጅ ተራቈተ ወይስ አልተራቈተም የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ የሊቃውንት ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ ለድርቅና ለረኃብ በደለኛ ተብሎ የሚከሰሰው ማን እንደ ሆነ የሚወስን ነውና።

የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለዓለም የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1839 ነው። ከዚያ አስቀድሞ የኢትዮጵያን ተራሮችና አራዊት ለመመርመር የመጡ ሰዎች የነበራቸው መሣሪያ ጠመንጃ፥ ብዕርና የሥዕል ቀለም ብቻ ነበረ። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከ1831 እስከ 1833 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ ስለ ዋልያ፥ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮና ስለ ቀይ ቀበሮ ለአውሮፓ ሊቃውንት የጻፈው በዚሁ ዓይነት ነው። አውሬው ተገድሎ፥ ቆዳው ተገፎ፥ አጥንቱ ተለቅሞ ወደ ፍራንክፈርት ሄደ፤ ሠዓሊውም የሞተውን እያየ በሕይወት እንዳለ አድርጎ ሣለው።

ካሜራ ይዞ ወደ ኢትዮጵያ በመግባት የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሚነገርለት ሚሲዮናዊው ሄንሪ ስተርን ነው፤ የመጣውም እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። ይህ ሰው በኋላ ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተጣልቶ በመቅደላ አምባ ከታሰሩት አውሮፓውያን አንዱ ሆነ። እነዚህን እስረኞች ለማስፈታት በጄኔራል ናፒየር የተመራው የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1868 ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፌ፥ በአዲግራት፥ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብና በዋድላ ደላንታ በኩል እስከ መቅደላ ሲዘልቅ፥ 44 ዝሆኖችና የተራራ መድፎች ብቻ ሳይሆኑ ፎቶግራፍ አንሺ ወታደሮችም ይከተሉት ነበር። እነርሱም የጦሩ የመሐንዲሶች ክፍል አባሎች ናቸው። ዋና ሥራቸው የመንገዱን ንድፍና ካርታ በፎቶግራፍ እያባዙ ለአዛዦች ማደል፥ እንዲሁም ሠራዊቱ ያለፈበትን ገደልና ሜዳ አንሥቶ ማስቀረት ነበር። በዚህም ምክንያት የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ መልክ በሰፊው በፎቶግራፍ የተመዘገበው በዚያ ዘመቻ ነው ማለት ይቻላል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ፤ አምባውም ተቃጠለ፤ ከዝርፊያው ጋርም የተራሮቹ ሥዕል ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ።

የዚያን ዘመን የፎቶግራፍ አሠራር ማወቅ ሥዕሎቹ ምን እንደሚያሳዩና ምን እንደማያሳዩ ለመረዳት ያስፈልጋል። ፎቶግራፍ አንሺው አንድ የመስተዋት ሰሌዳ ኮሎዲዮን በሚባል ፈሳሽ ይቀባል፤ በብር ጨው ውኃ ውስጥ ያጠልቀዋል፤ ከዚያም ገና ሳይደርቅ በካሜራው ውስጥ አግብቶ ያነሣና ወዲያውኑ በጨለማ ድንኳን ውስጥ ያጥበዋል። ሰሌዳው ከደረቀ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ድንኳኑ፥ መስተዋቱና የመድኃኒቱ ጠርሙስ ሁሉ ፎቶግራፍ ወደሚነሣበት ስፍራ መጓዝ ነበረበት። ካሜራው ብርሃንን የሚቀበለው በዝግታ በመሆኑ ደግሞ የሚነሣው ነገር ለጥቂት ሰከንዶች ሳይነቃነቅ መቆየት ይገባዋል። ተራራ ይቆያል፤ ድንኳንም ይቆያል፤ የታዘዘ ወታደርም ይቆያል። ጭላዳ ግን በገደል አፍ ሣሩን እየነጨ አይቆይም፤ ቀበሮም ፍልፈል ሲያድን አይቆይም። እንግዲህ በ1860 ዓ.ም. ሥዕሎች ላይ የዱር አራዊት አለመታየታቸው በስፍራው እንዳልነበሩ የሚያስረዳ አይደለም፤ መሣሪያው ሊያያቸው ስላልቻለ ነው።

ይህ ችግር የተቃለለው ደረቁ ሰሌዳ፥ ቀጥሎም ተጠቅላዩ ፊልም በአውሮፓና በአሜሪካ ከተስፋፋ በኋላ ነው። ሆኖም ቅጽበታዊ ፎቶግራፍ ከተገኘ በኋላ እንኳ አውሬው ብዙ ጊዜ በሥዕል የሚታየው ከሞተ በኋላ ነበር። እንግሊዛዊው ፓወል ኮተን በ1899 እና በ1900 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ በሰሜን ተራሮች ዋልያ አድኗል፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ያሳተመው መጽሐፍም በፎቶግራፍ ያጌጠ ነው። በዚያ ዘመን የአዳኝና የፎቶግራፍ አንሺ ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነበረ፤ ጠመንጃው ይቀድማል፥ ካሜራው ይከተላል። ዋልያ ሳይገደል በሩቅ ሌንስ ብቻ የሚታይበት ሥርዓት በሕግ የጸናው እጅግ ዘግይቶ፥ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲከለል ነው። ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ወደ ወሎ ስንመለስ፥ ሁለተኛው የሥዕል ዘመን እንደ ፊተኛው ከጦርነት ጋር መጣ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን በቦምብ በደበደቡ ጊዜ፥ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማዋ ነበሩ፤ የውጭ አገር ጋዜጠኞችና ፎቶግራፍ አንሺዎችም ከዚያው ነበሩ። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ደሴ ገባ። ከወታደሩ በስተኋላ ደግሞ የእርሻ ባለሙያዎች ተከተሉ፤ አሳባቸው መሬቱን መርምሮ ለኢጣልያ ሰፋሪዎችና ለእህል ምርት የሚስማማውን ስፍራ መለየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1937 እነዚህ ሰዎች በወሎ ሲዘዋወሩ የእርሻውን፥ የመንደሩንና የተራራውን ፎቶግራፍ አነሡ። ያነሡት ለቅኝ ግዛት ጥቅም ነው፤ ነገር ግን ሥዕሉ ከአንሺው አሳብ በላይ ዕድሜ አለውና ከ60 ዓመት በኋላ ለሌላ አገልግሎት ዋለ።

ከዚያ በፊት ግን የወሎ መልክ በዓለም ፊት የተገለጠበት ሦስተኛው፥ ከሁሉም ይልቅ መራራው የሥዕል ዘመን መጣ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረኃብ ገብቶ ሳለ መንግሥት ነገሩን ሸሽጎ ነበር። በሚያዝያ ወር የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው የተራበውን ሕዝብ ፎቶግራፍ አንሥተው ተመለሱ፤ ሥዕሎቹም በዩኒቨርሲቲው ግቢ ለእይታ ቀረቡ። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም በአገሩ ቴሌቪዥን ታየ፤ ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀራቸው፥ ከቤተ መንግሥት ግብር ሥዕል ጋር ተቀላቅሎ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። ከ10 ዓመት በኋላም ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ሚካኤል ቡርክና መሐመድ አሚን ያን ጊዜ በወሎ ክፍለ ሀገር በነበረችው በኮረም ያነሡት ፊልም ዓለምን አስለቀሰ።

እነዚህ ሥዕሎች ሕይወት እንዳዳኑ አይካድም። የተሸሸገውን ገልጠዋል፤ እህልና መድኃኒትም አስመጥተዋል። ነገር ግን ሌላ ነገርም አስከትለዋል። በዓለም ዘንድ ወሎ ማለት አቧራ፥ የደረቀ ኮረብታና የሞት ሜዳ ማለት ሆነ። ከሥዕሉ በኋላ የምክንያት ጥያቄ ስለማይቀር፥ ቀላል መልስ ተገኘለት። ከኢትዮጵያ ምድር 40 በመቶ የሚሆነው በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ በደን ተሸፍኖ እንደ ነበረና፥ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ 3 ወይም 4 በመቶ እንደ ወረደ በየመጽሐፉና በየስብሰባው ይነገር ጀመር። ታሪኩ እንዲህ ሆኖ ሲነገር ገበሬው የራሱን ቤት ያቃጠለ ሰው መስሎ ይታያል፤ የመሬት ሥሪቱ፥ ግብሩ፥ ጦርነቱና የመንግሥት ዝምታ ግን ከክሱ ነጻ ይወጣሉ።

በዚህ ነገር ላይ የታሪክ ሊቃውንት ጥያቄ ማንሣታቸው አልቀረም። ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጽሑፍ የ40 በመቶው ቍጥር በጽኑ መሠረት ላይ ያልቆመ መሆኑን አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት በወሎ ደን ላይ የተጻፉ ጽሑፎችን አወጣ፤ ባሕሩ ዘውዴ የወሎን ደኖችና የአጠባበቃቸውን ታሪክ ሲመረምር፥ ዶናልድ ክራሚ የወሎ ደን መጥፋት እውነት ነው ወይስ የዓይን ማታለል ሲል ጠየቀ። የክራሚ ማስረጃ ፎቶግራፍ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1937 የተነሡትን ሥዕሎች ይዞ በ1997 ወደ ወሎ በመሄድ፥ አንሺው የቆመበትን ስፍራ እየፈለገ ያንኑ ተራራ፥ ያንኑ መንደር እንደገና አነሣ። ሁለቱ ሥዕሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የተገኘው ነገር ብዙዎች ከጠበቁት የተለየ ነው፤ ከ60 ዓመት በኋላ በሚታየው አገር ላይ የዛፉ ቍጥር አልቀነሰም፥ ይልቁንም ጨምሯል። ቤቱ በዝቷል፤ በየቤቱ ዙሪያም ገበሬው በገዛ እጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ቆሟል።

በመቅደላ ዘመቻ ጊዜ የተነሡት ሥዕሎችም እንዲሁ ለምስክርነት ተጠርተዋል። የቤልጅጉ ያን ኒሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1868 ከተነሡት የሰሜን ኢትዮጵያ ሥዕሎች 13ቱን መርጠው ከ140 ዓመት በኋላ ከየስፍራቸው አነሷቸው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ2009 አሳተሙ። በድሮዎቹ ሥዕሎች ላይ የሚታየው ድንግል ደን አይደለም፤ ገና በዚያን ጊዜ የታረሰና የተራቈተ ኮረብታ ነው። በአዲሶቹ ሥዕሎች ላይ ደግሞ ዛፉና ቍጥቋጦው ጨምሮ፥ የአፈርና የውኃ ጥበቃ ሥራም ተስፋፍቶ ታየ። እንግዲህ የአያቶች ዘመን ሁሉ ልምላሜ፥ የልጆች ዘመን ሁሉ ድርቀት ነው የሚለው አነጋገር በፎቶግራፉ ፊት አልጸናም።

ሆኖም አንዱን ሥዕል ብቻ አይቶ ፍርድ መስጠት ከፊተኛው ስሕተት ወደ ሌላ ስሕተት መሻገር ይሆናል። ኮምቦልቻ በምትገኝበት በቃሉ ወረዳ ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ ሌላ ዓይነት ሥዕል መርምረዋል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1958 እና በ1986 ከአውሮፕላን የተነሣው ፎቶግራፍ ነው። ከላይ ወደ ታች በሚያየው በዚህ ሥዕል የተገኘው ውጤት ደግሞ የሚያስደስት አልነበረም። በ28 ዓመት ውስጥ የተፈጥሮ ደኑና ቍጥቋጦው ቀንሶ፥ የተራቈተው መሬትና የሰው ሰፈር ጨምሮ ተገኘ።

ሁለቱ ምስክሮች የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ነገሩን ቀርቦ ለሚያየው ግን የሚመሰክሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ዛፎች ነው። ከምድር የተነሣው ሥዕል በቤት ዙሪያና በመንደር ዳር ያለውን ያጎላል፤ ይህም ገበሬው የተከለው፥ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚቈርጠው፥ ለገበያም የሚያቀርበው ባሕር ዛፍ ነው። ከሰማይ የተነሣው ሥዕል ደግሞ ማንም ያልተከለውን፥ በየገደሉና በየወንዙ ዳር ራሱ የበቀለውን ይቈጥራል። የመጀመሪያው ሲጨምር ሁለተኛው ሊቀንስ ይችላል። ገበሬው ዛፍ አጥፊ ነው የተባለው ክስ በመጀመሪያው ምስክር ይፈርሳል፤ ምንም አልጠፋም የሚለው መጽናናት ደግሞ በሁለተኛው ምስክር ይፈርሳል።

ይህ ልዩነት ለሰው የማገዶና የወጋግራ ጉዳይ ነው፤ ለዱር አራዊት ግን የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው። የባሕር ዛፍ ጫካ ተራራውን በፎቶግራፍ ላይ አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ለቀይ ቀበሮ ግን ቤት አይሆነውም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው የጓሳ ሣር፥ አስታና ጅብራ በሚበቅሉበት ውርጫም ከፍታ ላይ ነው፤ የሚበላውም አይጥና ፍልፈል ነው። የገብስ እርሻ ወደ ተራራው ራስ በወጣ ቍጥር አገሩ ይጠብበታል፤ ከሰው ጋር የሚወጣው ውሻም የእብደት በሽታና ሌላ ተላላፊ ደዌ ያመጣበታል። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይገኘው ይህ አውሬ ዛሬ ለአካለ መጠን የደረሰው ቍጥሩ ከ500 አይበልጥም ተብሎ ይገመታል። ከደሴ በስተ ምዕራብ ባለው ደጋ የሚገኘው ጉጉፍቱም ቀይ ቀበሮ በቅርብ ዘመን ከጠፋባቸው ስፍራዎች መካከል ተቈጥሯል።

ሊቃውንት ስለ ተራራው ዛፍ ሲከራከሩ የ1868 እና የ1937 ሥዕሎች ነበሯቸው። ስለ ቀበሮው ግን እንዲህ ያለ ምስክር የለም። የእንግሊዝ መሐንዲሶች መሣሪያ ዘገምተኛ ነበር፤ የኢጣልያ የእርሻ ባለሙያዎች የሚፈልጉት አፈርና እህል ነበር፤ ጋዜጠኞቹም የመጡት የሚሞተውን ሰው ለማሳየት ነው፤ ከአውሮፕላን የሚያነሣው ካሜራም ከዚያ ከፍታ ቀበሮን አያይም። በዚህ ሁሉ መካከል አውሬው ሳይመዘገብ ከአንድ ተራራ ተሰናበተ።

ያልተሰናበተበት ስፍራ ግን አለ። በደቡብ ወሎ የደንቆሮ ደን ተብሎ ይጠራ የነበረው አገር የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከልሏል። በዚያም ቀይ ቀበሮ፥ ጭላዳና የምኒልክ ዱኩላ ይገኛሉ። ዛሬ በእንደዚህ ያሉ ስፍራዎች ተመራማሪው አውሬው ሲያልፍ ራሱ የሚያነሣ ካሜራ በመንገዱ ላይ ማኖር ይችላል፤ መንገደኛውም በሩቅ ሌንስ፥ አውሬውን ሳያስበረግግ፥ በቂ ሥዕል ማግኘት ይችላል። የፊተኛው ዘመን የመሣሪያ ምክንያት አሁን የለም።

ካለፉት ሥዕሎች ታሪክ ግን አንድ የአሠራር ትምህርት ይገኛል። ክራሚም ሆነ ኒሰን ሥራቸውን ለመሥራት የቻሉት ድሮ የተነሣው ሥዕል የት እንደ ተነሣና መቼ እንደ ተነሣ ሊታወቅ ስለ ቻለ ነው። ስፍራውና ቀኑ ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ የቱንም ያህል ቢያምር ለታሪክ ድዳ ነው። የተራራውን ትክክለኛ ስም፥ የገደሉንና የምንጩን መጠሪያ፥ እርሻው የደረሰበትን ወሰን፥ አውሬው የሚታይበትን ወቅት የሚያውቀው ደግሞ የአገሩ ሽማግሌና እረኛ ነው። ስለዚህ ከጦሳ ራስ ወይም ከየጎፍ ጫፍ የሚነሣው ሥዕል ሙሉ የሚሆነው፥ የአንሺው መሣሪያና የነዋሪው ዕውቀት በአንድ ወረቀት ላይ ሲገናኙ ነው።

የደሴ ልጆች ለመዝናናት ጦሳን ሲወጡ የሚያነሡት ፎቶግራፍ ብዙ ነው። ከነዚያ መካከል ቀኑና የቆሙበት ስፍራ የተጻፈበት አንድ ሥዕል ከ60 ዓመት በኋላ የሚመጣ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1937ቱ ቀጥሎ የሚያስቀምጠው ይሆናል፤ በዚያን ጊዜም በሥዕሉ ላይ ያለው አረንጓዴ ባሕር ዛፍ ይሁን ጽድ፥ አስታ ይሁን የገብስ ቡቃያ ለይቶ ያያል። ለጉጉፍቱ ቀበሮ እንዲህ ያለ ሥዕል በጊዜው አልተነሣለትም፤ ለቦረና ሳይንቱ ግን ጊዜው ገና አላለፈም።